ሚዙኪ እና እንቅልፍ

ማክሰኞ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ተኩል

ነገ ጠዋት ማስረከብ ያለብኝ የትርጉም ሥራ አላለቀም። ሦስተኛ ሌሊቴ ነው። ዛሬ ግን ትቼው ልተኛ ነው፤ ለዚህ ያበቃኝም ሰሞኑን ታሪኩን ሳነብ የሰነበትኩት ጃፓናዊው የማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚተረክ የጃፓን መጽሐፍ፣ ሠዓሊ ሺጌሩ ሚዙኪ ነው።

ሚዙኪ ያደገው ሳካይሚናቶ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። ኖኖንባ ብለው የሚጠሯት አሮጊት ስለ ዮካይ፣ ማለትም ሰው ሳያያቸው አብረውት ይኖራሉ ስለሚባሉ ፍጡራን ትተርክለት ነበር። በኮርኒስ ላይ የሚታየው እድፍ ሌሊት ኮርኒስ የሚልስ ፍጡር የተወው ነው ብላዋለች። ልጁም አመናት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለውትድርና ተመልምሎ በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለችው ኒው ብሪተን ደሴት ተላከ። አንድ ንጋት ላይ ዘብ ቆሞ፣ በመነጽር በቀቀኖች እያየ ልቡ ተሰርቆ ሳለ ጓዶቹ ያሉበት ሰፈር ተጠቃ። ከእነርሱ መካከል የተረፈው እርሱ ብቻ ነው። ጫካውን አቋርጦ፣ በባሕር ዋኝቶ ወደ ጦሩ ሲደርስ የጠበቀው ግን «እንኳን ተረፍህ» የሚል ቃል አልነበረም። ሌሎቹ ሲሞቱ ለምን አብሮ እንዳልሞተ ተወቀሰ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቆይቶም በወባ ተይዞ በተኛበት በአውሮፕላን ድብደባ ግራ እጁን አጣ።

ከጦርነቱ በኋላ በአንድ እጁ ለመንገድ ተራኪዎች ሥዕል ሣለ፤ ቀጥሎም ለኪራይ ብቻ የሚታተሙ የማንጋ መጻሕፍት አዘጋጀ። (እኛም በልጅነታችን መጽሐፍ በሳንቲም እየተከራየን አንብበናል፤ ጸሐፊው ምን ያህል እንደሚያገኝ ግን አስቤ አላውቅም።) እ.ኤ.አ. በ1961 ያገባት ኑኖኤ ድህነቱን አብራው ቻለች፤ አጠገቡ ተቀምጣ ሥዕሎቹን በቀለም ትሞላለት ነበር። ሽልማት አግኝቶ ስሙ የተነሣው በ1965 ነው። 43 ዓመቱ ነበር! የማንጋው ገጸ ባሕርይ፣ በመቃብር ስፍራ የተወለደው አንድ ዓይና ልጅ ኪታሮ በ1968 ወደ ቴሌቪዥን ሲገባ ደግሞ የኖኖንባ ፍጡራን በየጃፓናዊው ቤት ገቡ።

እኔን የያዘኝ ግን በ1973 ያወጣው የጦርነት ማንጋው ነው። ሁሉም በክብር ሞተዋል ተብሎ አስቀድሞ ስለተነገረ፣ የተረፉት ወታደሮች ሄደው እንዲሞቱ ይታዘዛሉ። ሚዙኪ ዘጠና በመቶው እውነት ነው ብሏል። መጽሐፉን ዘግቼ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። «ሙት» የተባለ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

በኋላም ለሞት መቸኮልን እምቢ እንዳለ ኖረ። ዝነኞቹ የሙያ ባልደረቦቹ ኦሳሙ ቴዙካ እና ሾታሮ ኢሺኖሞሪ ያለ እንቅልፍ በማደራቸው ይኮሩ ነበር፤ ሁለቱም በ60 ዓመታቸው ሞቱ። ሚዙኪ ሥራ ቢደራረብበትም ይተኛ ነበር፤ ሌሎችንም ተኙ ይል ነበር። በ2015 ሲያርፍ 93 ዓመቱ ነበር። በሳካይሚናቶ በስሙ የተሰየመው መንገድ ግራና ቀኙን ከ170 በሚበልጡ የነሐስ ሐውልቶች ተሞልቷል፤ ያቺ አሮጊት የነገረችው ፍጡራን ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ።

ጠዋት ለአሠሪዬ ደውዬ አንድ ቀን እንዲጨምርልኝ እጠይቃለሁ። አሁን ጋደም ብያለሁ። ከበላዬ ክረምቱ በኮርኒሱ ላይ የተወው ቡናማ እድፍ አለ፤ ቤቱን ከተከራየሁ ጀምሮ አይቼው አውቃለሁ። ዛሬ ግን መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት ደጋግሜ አየሁት፤ የምላስ ቅርጽ አለው።