ለሐኪሙ «ደህና ነኝ» ማለቴ ያስከፈለኝ

ወገቤን የተጎዳሁት በፈረንጆቹ 2018 ጥር ላይ ነው። ከሲያትል ደቡብ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት እሠራ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አንዲት አዛውንት ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳዛውር ጉልበታቸው ከዳቸው። እንዳይወድቁ አቅፌ ያዝኳቸው። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። ፈረቃዬን ጨርሼ፣ መኪናዬን ነድቼ ቤቴ ገባሁ። ከሥራ ያስወጡኛል ብዬ ስለፈራሁ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

አሥራ አንድ ቀን ዝም አልኩ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ የሥራ ላይ ጉዳት ማመልከቻ ለማስገባት ከአደጋው ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለ፤ ስለዚህ ጊዜው አላለፈብኝም። ግን «ያኔውኑ ለምን አልተናገርሽም?» የሚለው ጥያቄ ወራት ሙሉ ተከተለኝ። እባካችሁ በዚያው ቀን ተናገሩ።

መጀመሪያ ክሊኒክ ስሄድ ያስተረጎመችልኝ የ13 ዓመት ልጄ ናት። ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አልኩ። እኛ ዘንድ ሰው የሞተበትም እንዲሁ ነው የሚመልሰው። ልጄ እንዳለ ተረጎመችው፤ ሐኪሙም ጻፈው። ከሁለት ወር በኋላ የጉዳት ማመልከቻዬን (ክሌይሜን) የያዘችው ሴት ደውላ ያችኑ ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝ። «ደህና ነኝ ብለሻል፤ ታዲያ ለምን ሥራ አትመለሺም?» አለችኝ። ስልኩን ይዤ ደረቅሁ። ከሥራ ስቀር የሚከፈለኝ ከደመወዜ ከ60 እስከ 75 በመቶ ባለው ስሌት ነው። የቤት ኪራያችን በዚያች ብር ላይ ነበር የተንጠለጠለው።

በክሌይም ጊዜ ሐኪሙ ፋይሉ ላይ ያልጻፈው ህመም እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። «ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ለእኔ አልሆነልኝም። አሥር ማለት ምጥ ነው ብዬ ሁልጊዜ «አራት» እል ነበር። አሁን ቁጥሩን ተናግሬ አላበቃም። «ካልሲዬን ጎንበስ ብዬ ማጥለቅ አልችልም። ምጣድ ፊት ከሦስት እንጀራ በላይ መቆም አቅቶኛል። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ይነዝረኛል» እላለሁ። እሱን ይጽፉታል።

ሌላው ዝምታዬ ስለ ኪኒን ነበር። ሃይድሮኮዶን የሚባል ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ለአንድ ሳምንት ታዞልኝ ሰባት ወር ወሰድኩት። መጀመሪያ በቀን ሁለት፣ ኋላ አራት። በውስጡ ታይሌኖል (ፓራሲታሞል) እንዳለበት አላውቅም ነበር። እያንዳንዷ ፍሬ 325 ሚሊግራም ነበራት። እኔ ደግሞ ከላይ ባለ 500ውን ታይሌኖል በቀን ስድስት እጨምር ነበር። ደምሩት፤ 4,300 ይመጣል። ለአንድ ጤነኛ አዋቂ የቀን ጣሪያው 4,000 ነው። ከዚያ ካለፈ ጉበት ሊጎዳ ይችላል።

ከዚህ የባሰው ግን የእንቅልፉ ነው። ጭንቀት እንቅልፍ ስለነሳኝ ሌላ ሐኪም ሎራዜፓም የሚባል የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን አዘዘልኝ። የወገቤን መድኃኒት የሚከፍለው ክሌይሙ ነው፤ የእንቅልፉን የራሴ ኢንሹራንስ። ሁለት ሐኪም፣ ሁለት ፋርማሲ። አንዱ ጋ ስለ ሌላው አላነሳሁም። የጠየቀኝም የለም። አንድ ሌሊት ባለቤቴ በድንጋጤ ቀሰቀሰኝ። «ትንፋሽሽ ይቆማል፤ ቆይቶ ይመለሳል» አለኝ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ከ2016 ጀምሮ ሁለቱ ዓይነት መድኃኒቶች አብረው ሲወሰዱ ትንፋሽ ሊያቆሙ እንደሚችሉ በጠንካራው ማስጠንቀቂያው አስጽፎባቸዋል። ወረቀቱ ከረጢቱ ውስጥ ነበረ። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል።

በነጋታው ኪኒኖቼን ሁሉ በፌስታል ይዤ ፋርማሲ ሄድኩ። ፋርማሲስቷ አንድ በአንድ ባንኮኒው ላይ ደረደረቻቸው። የታይሌኖሉን ሒሳብ የሠራችልኝ እሷ ናት። ሁለቱንም ሐኪሞች እዚያው ደወለችላቸው። «በራስሽ ድንገት እንዳታቆሚው» ብላ አስጠነቀቀችኝ፤ ሰውነት ከለመደ በኋላ ድንገት ማቆምም አደጋ አለው። ሐኪሞቹ በየተራ ቀስ እያደረጉ ሲቀንሱልኝ አምስት ወር ፈጀ። ላብ፣ ቁርጥማት፣ የሌሊት ለቅሶ ነበረው። ግን ፊዚዮቴራፒው የያዘልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ናርካንም ቤት አስቀመጥን፤ እንደ ሃይድሮኮዶን ያለ መድኃኒት ትንፋሽ ሲያስቆም አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ማርከሻ ነው። ከ2023 ወዲህ ያለ ማዘዣ ይሸጣል።

አስተርጓሚም አገኘሁ። ስቴቱ ውስጥ የሠራተኛ ካሳን የሚያስተዳድረው ኤል ኤንድ አይ ለሕክምና ቀጠሮ አስተርጓሚ ይከፍላል፤ ማንም ቀድሞ አልነገረኝም። የመጡልኝ አንድ ጋሼ ነበሩ። እንደ ልማዴ «ደህና ነኝ» ስል ቆም አሉና፣ «ልጄ፣ ይሄ ሰላምታ ነው ወይስ መልስ?» አሉኝ። አልቅሼ፣ «ሰላምታ ነው» አልኳቸው። ከዚያ መልሱን ነገርኳቸው።

አንድ ነገር ግን አሁንም ያሳፍረኛል። ያኔ ቡና ላይ ጎረቤቴ ጉልበቷን እያሸች፣ «እስቲ ከዚያች ኪኒንሽ አንድ» ስትለኝ ሰጥቻታለሁ። ላልለመደው ሰው፣ ያውም የደም ግፊትና የእንቅልፍ ኪኒን ለምትወስድ ሴት። እግዚአብሔር ጠበቃት። ስቀንስ የተረፈኝን ፋርማሲው ያለው የመመለሻ ሣጥን ውስጥ ጣልኩት። ይህንንም ሁሉ ነገርኳት።

የጉልበቷ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። አብሬያት እሄዳለሁ። የምትውጠውን ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትወጣ ነግሬያታለሁ።