በሰያፍ ተኛ

ፊሊፒንስ፣ ሴቡ በገባሁ በማግስቱ ከዱያን ላይ ወደቅኩ። ዱያን ፊሊፒናውያን በሁለት ምሰሶ መሃል የሚያንጠለጥሉት መኝታ ነው፤ ሕፃን ያባብሉበታል፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ አዋቂው ያሸልብበታል። ይሄኛው ራታን በሚባል ተክል የተጎነጎነ ነበር። እንደ አልጋ ጠርዙ ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ሳነሳ ተገልብጦ አፈር ላይ ጣለኝ። ባለቤቱ ሽማግሌ፣ ሰፈሩ ሁሉ እኛ ጋሼ እንደምንለው «ኖንግ» የሚላቸው፣ ስቀው ሲያበቁ አንድ ነገር ተናገሩ። በሞተር ያመጣኝ ልጅ አስተረጎመልኝ፦ «መጀመሪያ መሃሉ ላይ ተቀመጥ፣ ከዚያ በሰያፍ ተኛ ነው የሚሉህ።»

እውነትም በሰያፍ ሲተኙበት ጀርባ ይዘረጋል።

ቦታው ማንዳዌ ነው፤ ከሴቡ ከተማ ጋር የተጋጠመች፣ በቤት ዕቃ ሥራ የምትታወቅ ከተማ። ራታንን ሩቅ ሆኖ ያየ ሰው ቀርከሃ ይለዋል፤ እኔም ብዬው ነበር። ግን በእሾሁ ዛፍ እየቧጠጠ የሚወጣ የዘንባባ ዘር ነው። ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን ራታን ድፍን ነው፤ ስለዚህ በእንፋሎት ሲለሰልስ ሳይሰበር እንደፈለጉት ይታጠፋል። ኖንግ ቅርፊቱን ሲሰነጥቁ ቢላውን አያንቀሳቅሱም። ጭናቸው ላይ ያስደግፉትና ራታኑን ወደ ራሳቸው ይስቡታል፤ ቀጭኑ ልጥ እንደ ሪባን እየተጠቀለለ ይወርዳል። ጓሮ የነበረ ወንበር መጋጠሚያው ላይ እርጥብ ቆዳ ተጠምጥሞበታል፤ ሲደርቅ ተኮማትሮ ያጠብቀዋል። የአያቴ ጠፍር አልጋ ትዝ አለኝ፤ እዚህ ቢያዩት ማንም አይገረምበትም።

ከሰዓት በኋላ የቤት ዕቃ ዲዛይነሩን የኬኔት ኮቦንፑዌን ሥራዎች ለማየት ሄድኩ። የሴቡ ልጅ ነው። እናቱ ቤቲ ኮቦንፑዌ የቤት ዕቃ ሥራውን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1972 ነው፤ እሱ ኒውዮርክ ፕራት በተባለው የዲዛይን ትምህርት ቤት ተምሮ በ1996 ተመለሰ። «ዪን ኤንድ ያንግ» በተባለው ወንበሩ ራታኑ ክፈፉ ላይ ስለተጠመጠመ ወዲያ ማዶው ይታያል። በ2011 ደግሞ ከጀርመናዊው ዲዛይነር አልብሬክት ቢርክነር ጋር በቀርከሃና በራታን መኪና ሠርቷል፤ በ10 ቀን! መኪናው ብዙም አልማረከኝም፣ ወሬ ለማስነሳት የተሠራ ይመስላል። እኔን ያቆመኝ «ቮያጅ» የሚሉት ጀልባ መሳይ አልጋው ነው። ለጣና ሰው ብታሳየው፣ የደንገል ታንኳ ላይ ማን ፍራሽ አነጠፈ ይልሃል። ዋጋውን ጠየቅኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ጠዋት ተመልሼ የኖንግን ዱያን ገዛሁ። ከመጠቅለላቸው በፊት አገሬ ዝናብ አለው ወይ ብለው ጠየቁኝ። ክረምት አለ፣ ግን ወራት ሙሉ ጠብታ የማይወርድበት ጊዜም አለ አልኳቸው። ፊታቸው ከበደ። ራታን ደረቅ አየር አይስማማውም፣ ይሰነጠቃል፤ ውኃ እርጭበት አሉኝ።

አሁን አዲስ አበባ ጥር ነው። ዱያኑ በረንዳዬ ላይ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ጠዋት አበባዎቼን ካጠጣሁ በኋላ ለእሱም እረጭለታለሁ። ጎረቤቴ እማማ ግን አልገባቸውም፦ «ልጄ፣ የሞተ እንጨት ታጠጣለህ እንዴ?»