ውሃ ላይ ተኝተን ውሃ ቆጠብን

የአክስቴ ልጅ ለንደን ውስጥ ጀልባ ላይ ነው የምትኖረው። በፎቶ ስታሳየኝ ቀንቼ ነበር። ባለፈው ጃንዋሪ 2 ሳምንት አብሬያት ከረምኩና ቅናቴ በ3ኛው ቀን በረደልኝ።

ጀልባዋን ናሮውቦት ይሏታል። ስፋቷ 2 ሜትር ብቻ ናት ቢባል ይቀላል። እጄን ስዘረጋ ግራና ቀኙን ግድግዳ ልነካ ምንም አልቀረኝም። የቆመችው ምሥራቅ ለንደን፣ ቪክቶሪያ ፓርክ ጥግ፣ ሪጀንትስ ካናል ላይ ነው። በ1820 እ.ኤ.አ. ተቆፍሮ ያለቀ ቦይ ነው። ድሮ ከሰልና እንጨት ይመላለስበት ነበር፤ ዛሬ የቤት ኪራይ ያማረረው ሰው ይኖርበታል።

የመጀመሪያው ምሽት ሻወር ገባሁ። ገና ሳሙናውን ሳላነሳ በሩ ተንኳኳ።

«አንተ ልጅ! ዝጋውና ሳሙናህን ተቀባ! ስትለቀለቅ ትከፍተዋለህ!»

ስወጣ እጄን ይዛ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ወሰደችኝና የታንከሩን ክዳን ከፈተች። ረዥም እንጨት ከታች ድረስ ሰደደችና አውጥታ አሳየችኝ። እርጥቡ ግማሽ ላይ ቆሟል። ሲሞላ 400 ሊትር ነው፤ ለመጠጡም፣ ለሳህኑም፣ ለገላውም።

እኔ እኮ ውሃ በፈረቃ ያሳደገኝ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሮቶ፣ ጄሪካን፣ ሌሊት ተነስቶ ባልዲ መደርደር፣ ምን ይከብደኛል ብዬ ነበር። ለካ እኛ የምናውቀው መጠበቅን ነው። ውሃው ከመጣ ማን ይለካዋል? እሷ ግን አንድ ድስት ለማጠብ ስንት እንደሚፈጅ ታውቃለች።

መብራቱም ያው ነው። ጠዋት «እንዴት አደርክ» ከማለቷ በፊት ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ስክሪን ታያለች። ባትሪዎቹ ባለ 12 ቮልት ናቸው። ቁጥሩ 12.2 ከደረሰ ግማሹ አልቋል ማለት ነው፤ ከዚያ በታች ደጋግሞ ከወረደ ባትሪው ዕድሜው ያጥራል። ጣሪያው ላይ ሶላር አለ። ግን በጃንዋሪ ፀሐይዋ በእኛ ሰዓት 10 አካባቢ ትጠልቃለች፤ ከወጣች ነው እሱም። ስለዚህ በየቀኑ 2 ሰዓት ያህል የናፍጣ ሞተሩን ታስነሳለች። ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ማስነሳት አይፈቀድም፤ ጎረቤት ይተኛል።

የእንጀራ ነገር ጠይቄያት ስቃብኛለች። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፤ እነዚያን ባትሪዎች በአንድ ሊጥ ነው የሚጨርሳቸው። ከሐበሻ ሱቅ ትገዛለች። ቡናውን ግን አልተወችም። በጋዝ እንቆላለን፣ ያውም በዚያ ብርድ በርና መስኮቱን በርግደን፣ አለበለዚያ የጭሱ አላርም ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ሌላም አላርም አለ፤ ቤቱን የምታሞቀው በከሰል ምድጃ ስለሆነ። የከሰል ጭስ ተዘግቶ ሲታደርበት ምን እንደሚያደርግ ለሐበሻ አይነገርም።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ ሳጥን ልምጣ።

ሽንት ቤቱ ከፍሳሽ መስመር ጋር አልተገናኘም። ከሥሩ ካሴት የሚባል 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ የፕላስቲክ ሳጥን አለ። ሁለት ሰው በ3 ቀን ይሞላዋል። ሲሞላ መዘዝ፣ ጋሪ ላይ ማሰር፣ ኤልሳን ወደሚሉት መድፊያ መጎተት ነው። የቦዩ ዳር መንገድ ጠዋት ጠዋት በሯጭና በብስክሌት ይሞላል። እኔም ያንን እየጎተትኩ «ጉድ ሞርኒንግ» እላለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንገቴን ደፍቼ ነበር የሄድኩት። በሁለተኛው ግን ሌላ ባለ ጋሪ ከፊት ለፊት መጣ፤ ሁለታችንም ሳጥን ሳጥናችንን ዓይተን ሳቅን።

በመጨረሻው ቀን ጉዞ ሆነ። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ አንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይችልም፤ የ1995 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው። ወደ ምዕራብ 3 ሎክ አለፍን። ሎክ ማለት ጀልባውን በሁለት በር መሐል ዘግቶ ውሃ እየሞላ ወደ ላይ የሚያነሳ ደረጃ ነው። በሮቹን በጀርባዬ እየገፋሁ የከፈትኳቸው እኔ ነኝ፤ ወገቤ ይመስክር። ከዚያ 878 ሜትር የሚረዝመው የኢዝሊንግተን ዋሻ መጣ። ጨለማ፣ ጣሪያው የሚያንጠባጥብ፣ በሁለት ጀልባ የማይታለፍ። መብራቷን አብርታ ዝም ብላ ነዳች።

ከዋሻው ማዶ የውሃ ቧንቧ ያለበት ቦታ ደረስን። ከፊታችን አንድ ጀልባ ጎማውን ሰክቶ እየሞላ ነው። የሰፈራችን ቦኖ ትዝ አለኝ፤ ጄሪካኑ ብቻ ነው የጎደለው። ተራችን ሲደርስ ቁልፏን አውጥታ ቧንቧውን ከፈተች። ውሃው ቀጭን ነው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኳት።

«አንድ ሰዓት ተኩል።»

ሻይ ልጠጣ ወደ ውስጥ ስገባ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ይሄ እስኪሞላ ያንን ደፍተህ ትመለሳለህ፤ ጋሪው ጣሪያው ላይ ነው።»