ኖክ ሴንሰር፦ ከሥሩ የነበረችው ሮንዴላ

አዳማ ጋራዥ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘይት፣ ፍሬን፣ ካንዴላ፣ ኮድ ማንበብ፤ ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ወር ሙሉ ያስጨነቀችኝን አንዲት ቪትዝ ግን ባለፈው ሳምንት አስተካክዬ አስረክቤ ደስታው አልለቅ ስላለኝ ነው የምጽፍላችሁ።

ስትመጣ ቼክ ኢንጂን በርቶባታል። ኮዱ ፒ 0325፣ የኖክ ሴንሰር (የሞተሩን መንኳኳት የሚያዳምጠው ዕቃ) መስመር። ምንም ሳልለካ ሴንሰር አስገዛሁና ቀየርኩ፤ በማግስቱ ኮዱ ተመለሰ። የሰው ገንዘብ አባክኛለሁ፣ ይህን አልደብቅም። ኋላ ሶኬቱን ስከፍት አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። እሱን ሳስተካክል መብራቱ ጠፋ።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ተመልሰው መጡ። «ልጄ፣ መብራቱስ ጠፍቷል። ከመተሐራ ሰው ጭኜ ሽቅብ ስመጣ ግን ሞተሩ ጠጠር እንዳለበት ጣሳ ይንኮሻኮሻል።»

«ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንውጣ» አልኳቸው። ዳገቱ ላይ ነዳጅ ሲረግጡ እኔም ሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካንዴላው የለኮሰው እሳት ሳይደርስበት የቀረው ጋዝ በሙቀትና በግፊት በራሱ ሲፈነዳ የሞተሩ ብሎክ ይርገበገባል፤ ኖክ የምንለው ይህን ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ትንሽ ሞተር ንዝረቱ ከ6,000 እስከ 8,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። በሴንሰሩ ውስጥ ያለው ክሪስታል ንዝረቱ ሲያስጨንቀው ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ኮምፒዩተሩ የቫልቭ ድምፅ እንዳያሳስተው ፒስተኑ ጫፍ ደርሶ መውረድ ሲጀምር ላለችው አጭር ጊዜ ብቻ ያዳምጣል። ኖክ ከሰማ ታይሚንጉን፣ ማለትም ካንዴላው የሚለኩስበትን ጊዜ፣ ጥቂት ዲግሪ ያዘገያል፤ ጸጥ ሲል ቀስ በቀስ ይመልሳል።

ስለዚህ ሴንሰሩ ከብሎኩ ጋር አንድ አካል መሆን አለበት። ስፈታው ከሥሩ ሮንዴላ አገኘሁ። ያስገባኋት እኔው ነኝ፤ ቡሎኑ የረዘመ መስሎኝ። መቀመጫውም ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሯል። ንዝረቱ በትክክል ሳይደርሰው ኮምፒዩተሩ ምን ይስማ? ሮንዴላዋን ጣልኩ፣ መቀመጫውን ብረቱ እስኪያበራ ጠረግኩ፣ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) 20 ኒውተን ሜትር አጠበቅኩ። በእጅ ግምት ማጥበቅን ከእንግዲህ አልቀበልም፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅም ሴንሰሩ የሚሰማው ይዛባል።

ከመግዛታችሁ በፊት ቴስተሩን ኤሲ ሚሊቮልት ላይ አድርጋችሁ ከሴንሰሩ ፒኖች ጋር አገናኙና ሴንሰሩ አጠገብ ብሎኩን በቁልፍ ቀስ ብላችሁ ምቱ፤ ቁጥሩ መዝለል አለበት። መብራት ለማጥፋት ብለው በሴንሰሩ ቦታ ሬዚስተር የሚያስገቡ አሉ። እባካችሁ ተዉት! ኮምፒዩተሩ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ታይሚንጉን ሳይነካ ይቀጥላል፣ የሚቀልጠው ፒስተኑ ነው።

እሁድ ከመተሐራ ሲመለሱ ደወሉልኝ፤ ዳገቱን መስኮት ከፍተው እያዳመጡ ወጥተው ምንም አልሰሙም። ቶርክ ሬንቹ የተዋስኩት ነበር፣ በሚቀጥለው ደመወዜ የራሴን እገዛለሁ።