ፒኞኑን ሁለት ጊዜ ሠራሁት

የታዘዝኩት ለጡብ ማሽን ካምቢዮ የሚሆን ፒኞን (ትንሹ ማርሽ) ነበር፤ 19 ጥርስ፣ ሞጁል (የጥርሱ መጠን ልኬት) 5። እጄ ላይ የነበረው 42 ክሮም ሞሊ የሚባለው ብረት ነው። ፍሬዛ (ብረት መፈልፈያ ማሽን) ላይ ጥርሱን አወጣሁ፣ 850 ዲግሪ አሙቄ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። ሮክዌል (የጥንካሬ መለኪያ) ላይ 55 ሲያነብልኝ በደስታ በዚያው ቀን አስረከብኩ። ቴምፐር አላደረግኩትም፤ ማለትም ተሰባሪነቱ እንዲቀንስ ዝቅ ባለ ሙቀት መልሼ አላሞቅኩትም። ስንት ለፍቼ ያጠነከርኩትን ለምን መልሼ ላለስልሰው ብዬ!

በአስራ አንደኛው ቀን ሦስት ጥርስ በፌስታል ተመለሰልኝ። የተሰበረበት ፊት እንደ ስኳር ፍሬ ፍሬ ያለ ነው፤ ጎበጥ እንኳ ሳይል ነው ቀጭ ያለው። ከኪይዌዩ (ፒኞኑን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ቁልፍ የሚገባበት ቦይ) ማዕዘን የተነሳ ፀጉር የሚያክል ስንጥቅም አገኘሁ። ማዕዘኑን ክብ ሳላደርግ ስለት አድርጌ የተውኩት እኔው ነኝ።

ለሁለተኛው ካርቦኑ ዝቅተኛ የሆነ 16 ማንጋኒዝ ክሮም የሚባል ብረት ፈልጌ አመጣሁ። ይህ ብረት ብቻውን ቢነከር ያን ያህል አይጠነክርም፤ ቆዳው ካርቦን መጠጣት አለበት። የብረት ሳጥን በየድኩ፣ ከሰል አድቅቄ ከአስር አንድ እጅ የማጠቢያ ሶዳ ቀላቀልኩ። ካርቦን እንዳይገባባቸው ቀዳዳውንና ኪይዌዩን ሸክላ ለቅልቄ ፒኞኑን ከሰሉ ውስጥ ቀበርኩት፣ ክዳኑንም እንደ ጠላ ጋን መረግኩት። ከዚያ 920 ዲግሪ ላይ ለስምንት ሰዓት። አጠገቡ ከዚያው ብረት የተቆረጠ ቁራጭ ከትቼ ነበር፤ አብሮ ከተነከረ በኋላ ቆርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩትና አልኮል ውስጥ የተበጠበጠ ናይትሪክ አሲድ ጠብ አደረግኩበት። ካርቦን የጠጣው ቆዳ ዙሪያውን ጥቁር ቀለበት ሆኖ ወጣ፤ በካሊፐር 1 ሚሊ ገደማ። ለሞጁል 5 የምፈልገው እሱን ነው።

ፒኞኑን ከ830 ዲግሪ፣ 60 ዲግሪ በሞቀ ዘይት ውስጥ ነከርኩት። እጄ ሊይዘው ሲችል ወዲያው 180 ዲግሪ ላይ ለሁለት ሰዓት ቴምፐር አደረግኩት። በሮክዌል ቆዳው 59፣ የቁራጩ መሐል ግን 36 ሆነ። ቀዳዳው ጠቦ ዘንጉ አልገባ አለ፤ ለማስተካከያ ትርፍ አልተውኩማ። ሸክላው ባያድነው ኖሮ ጠንክሮ ቶርኒዮዬ (ብረት መቅረጫ ማሽኔ) አይነካውም ነበር።

ከአምስት ወር በኋላ ካምቢዮው ሲከፈት የፍሬዛው ጭረት ጥርሶቹ ላይ ገና ይታያል። ከፒኞኑ ጋር የሚገጥመው አሮጌው ትልቁ ማርሽ ግን የጥርሶቹ ጫፍ እንደ ቢላ ሳስቷል። ቀጥሎ የታዘዝኩት እሱን ነው።