የገብስማዋ ዶሮ እንቢታ

የጾም ሰሞን ከሰዓት በኋላ የሚጫነኝ ድብታ ዛሬም አልለቀቀኝም። መጽሐፍ ገልጬ መልሼ ከደንሁት፣ ያፈላሁት ቡና ሳልጠጣው በረደ፤ በመጨረሻም ማዕድ ቤት ገብቼ በካርቶን ውስጥ ከማስታምማት ዶሮ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥሁ። ልጽፍ የተነሣሁት ዛሬ ማንም ሳያግዛት ውኃ መጠጣት መጀመሯን ነበር።

አንድ ሌሊት ሸለምጥማጥ ዶሮ ቤታችን ገብቶ ከዶሮዎቻችን የተወሰኑትን በላ፣ ይህችን ደግሞ አቆሰላት። እርሷን የያዛት ከክንፏ ሥር ነው። የጥርስ ቁስል ከላይ ሲያዩት ጠባብ ነው፣ ወደ ውስጥ ግን ይጠልቃል፤ አፉ ቶሎ ከተደፈነ መግሉ እዚያው ይቋጠራል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ ለብ ባለ የጨው ውኃ አጥብላታለሁ። በማጥብበት ጊዜ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ የዶሮ ዓይን የሚከደነው እንደ እኛ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን የታችኛው ቆብ ወደ ላይ ወጥቶ ስለሆነ፣ በታጠበች ቁጥር ያኮረፈች ትመስላለች።

ማዕድ ቤት ያስገባኋት በአንድ በኩል ዝንብ እንዳያገኛት ነው፤ ዝንብ ቁስል ላይ እንቁላሉን ከጣለ ትሉ በአንድ ቀን ውስጥ ይፈለፈላል። ዋናው ምክንያት ግን የገዛ ጓደኞቿ ናቸው። ዶሮ ደም ካየች መንቆሯን አታቆምም፤ አብረዋት አንድ ቆጥ ላይ ሲያድሩ የኖሩት ሸለምጥማጡ የጀመረውን ለመጨረስ አንድ ቀን አይፈጅባቸውም ነበር። እንቁላል መጣል አቁማለች፤ የደነገጠች ዶሮ ለሳምንታት ላትጥል ትችላለች። በጾም ቤታችን ውስጥ ስለ እንቁላል የሚጠይቅ ሰው ስለሌለ በዚህ በኩል ሰላም አላት።

ጎረቤቴ እትዬ ግን በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ «በክት ሳትሆን አሳርጃት እንጂ ልጄ» ብለውኛል። በጾም ማን ይበላታል ብላቸው፣ «እንግዲያ ለፋሲካ ያድርስልሽ» ብለው መረቁኝ። ምርቃቱ ለእኔ ይሁን ለዶሮዋ እስካሁን አልገባኝም።

ይህን እያሰብሁ ሳለ ዓይኔ ደጅ በምትጭረው ገብስማዋ የአበሻ ዶሮዬ ላይ አረፈ፤ ከዚያ ወዲያ ሐሳቤን ልመልሰው አልቻልሁም። በዚያች ሌሊት የተበሉትም የቆሰለችውም የ45 ቀን ጫጩት ሆነው የተገዙት ቀያዮቹ ናቸው፤ ገብስማዋ አበሻ ላባ እንኳ አልወደቀባትም። ቀን ቀን ከእንጦጦ በኩል ጭልፊት ሲያንዣብብ ቀድማ የምታየው እርሷ ናት፤ አንድ ቀጭን፣ የተሳበ ጩኸት ታሰማና ባለችበት ድርቅ ትላለች። በምድር የሚመጣ ድመት ወይም ውሻ ሲሆን ደግሞ ጩኸቷ የተቆራረጠ፣ ግቢውን ሁሉ የሚያውክ ነው። ቀያዮቹም ይህን ሰምተው ይደነግጣሉ፣ ነገር ግን በከባድ ገላቸው አጥር ላይ እንኳ መውጣት ያቅታቸዋል።

የአበሻን ዶሮ ለዘመናት የመረጣት ሰው ብቻ አልነበረም፤ ጭልፊትና ሸለምጥማጥም መራጮቿ ነበሩ። ፈዛዛዋ ጫጩት ሳትተካ ተበላች፣ ነቄዋ ቀረች፣ የነቄዋ ልጆች ደግሞ ነቄ ሆኑ። ቀያዮቹን የመረጣቸው ግን እንቁላል የሚቆጥር ሰው ነው፤ የአበሻዋ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትጥል እነርሱ ወደ 300 ይጠጋሉ። መታቀፍም የተቀነሰባቸው፣ የምታቅፍ ዶሮ እንቁላል ስለማትጥል ነው። ከመፈልፈያ መኪና ተፈልፍለው በመብራት ሙቀት ያደጉ፣ እናት ጠርታ በክንፏ ሥር ያልሰበሰበቻቸው ናቸው። ታዲያ ቂሎች ብዬ የምሰድባቸው እኔ፣ እንቁላላቸውን ስለቅም ምን ያሰብሁ መስሎኝ ነበር?

ለማንኛውም ቤታቸውን እንደ አዲስ አሠርቻለሁ። ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ያግዳታል እንጂ አውሬውን እንዳይገባ አያግደውም፤ ሸለምጥማጥ ጭንቅላቱ ባለፈበት ሁሉ ገላውን ያሳልፋል። ስለዚህ ቀዳዳው ከ1.3 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ተገዛ፣ ቆፍሮ የሚገባውን ለመከልከልም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀበረ። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ይህን ያነብባል።

ገብስማዋ ግን አዲሱን ቤት በአንድ ዓይኗ አይታ እንቢ አለች። የምታድረው ኮኩ ዛፍ ላይ ነው። ሳምንት ያህል ቢዘጋባት ቤቱን እንደምትለምድ አውቃለሁ፤ ዶሮ በጨለማ ስለማታይ ከመሸ በኋላ ማንሣትም ቀላል ነበር፤ ቅርንጫፉ ከእጄ በላይ ባይሆን። ደግሞም እስከ ዛሬ ያተረፋትን ዘዴ ነጥቄ እኔ የምዘጋው በር ላይ ብቻ እንድትተማመን ማድረጌ ይጠቅማት ይሆን? ሸለምጥማጥ ዛፍ በመውጣት ከድመት እንደማያንስ ባላውቅ ኖሮ ዝም ብዬ እተዋት ነበር።

ቅድም ሲመሽ በአንድ እጄ መጥረጊያ፣ በሌላው የስልክ መብራት ይዤ ከኮኩ ሥር ቆሜ ይህንኑ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሳስረዳት እትዬ በአጥሩ በኩል አዩኝ። ጥቂት አዳመጡና፣ «እግዜር ይማርሽ ልጄ» ብለውኝ ወደ ቤታቸው ገቡ።