ምንጭ ስታጎለብቱ ዓይኑን አታፍኑት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበርና ጣርማበር ባለው አገር፣ ምንጭ ብርቅ አይደለም። ብርቁ ከጎለበተ፣ ማለትም በግንብ ተከልሎ በቱቦ ከተሳበ በኋላ ሳይጠፋ የሚቆየው ነው። የቀበሌያችንን ምንጭ ግንባታ የተከታተልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ያ ሁሉ ሲሚንቶ ባልባከነ።

ውሃው የሚለካው በጥር፣ የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ነው። ባለሙያ የሚመጣው ግን በጥቅምት ነው፤ በጥቅምት ደግሞ ሁሉም ምንጭ ጎበዝ ነው። 20 ሊትር ጄሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ በቀን 43,200 ሊትር ይሆናል፤ በሰው 25 ሊትር ቢታሰብ ለ1,700 ሰው ይበቃል። ይህ የሌሊቱን የሚያጠራቅም ገንዳ ካለ ነው። በአጠገቡ ጠበል ካለ መጀመሪያ የደብሩን አስተዳዳሪ፣ ቀጥሎ ወረዳውን አነጋግሩ። አሸዋ፣ ድንጋይና የጉልበት መዋጮ እንደየአገሩ ነው።

አሁን ወደ ግንቡ። የእኛ አገር ውሃ በተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ ውስጥ ይወርድና ውሃ የማያሳልፍ ሸክላ አፈር ሲገጥመው ወደ ጎን ይወጣል። እዚያ ቦታ ላይ የሚፈልቀው ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ያ ስለሆነ ነው። ከፊቱ ግንብ ሠርታችሁ ውሃው ከዓይኑ በላይ ከተኛ፣ የተኛው ውሃ ክብደት የሚመጣውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ እሱም ሌላ ስንጥቅ ይፈልጋል። የተሰጠን ፕላን የትርፍ ውሃ መውጫውን ከወለሉ 60 ሳንቲም ከፍ አድርጎ፣ ከዓይኑ በላይ አስቀምጦታል። ለምን ሲባል መልሱ «ስታንዳርዱ ነው» ሆነ። የምንጩን ዓይን ዝቅ ብሎ ያየ አልነበረም፤ ለሁሉም ምንጭ ያው አንድ ወረቀት ነው የሚታደለው።

በግንቡ የታጠረው የውሃ ሳጥን ሞላ፣ የቦኖው ውሃ ቀጠነ። ከግንቡ በታች ባለው ግጦሽ ላይ፣ ላም በረገጠችው የኮቴ ጉድጓድ ውስጥ፣ ጥርት ያለ ውሃ አረፋ እያወጣ ይፈልቅ ጀመር። ይህን ካያችሁ ስብሰባ አትጥሩ፤ በሳጥኑ ወለል በኩል ያለውን የማጽጃ ቱቦ ያኔውኑ ክፈቱና ውሃውን ከዓይኑ በታች አውርዱ። አዲሱ ስንጥቅ ታጥቦ ከሰፋ አይመለስም። የእኛው ፊቱ ፈርሶ እንደገና ሲገነባ አብዛኛው ተመለሰ፣ ሁሉም ግን አይደለም። ያ ዛሬም ያበሳጨኛል።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። ከዓይኑ አጠገብ ችካል ትከሉና ውሃው የሚወጣበትን ከፍታ በቢላ ምልክት አድርጉበት። ግንበኛው በላስቲክ ውሃ ልክ (ውሃ በተሞላ ግልጽ ቱቦ) ያንን ከፍታ ወደ ግንቡ ያምጣው፤ የትርፍ መውጫው ከምልክቱ 10 ሳንቲም ዝቅ ይበል። የትርፉ ቱቦ የሚመረጠው በክረምቱ የውሃ መጠን ነው፤ ወደ ቦኖው የሚሄደው መስመር አንድ ተኩል ኢንች ከሆነ ትርፉ ሦስት ኢንች ይሁን፣ አፉም እንቁራሪት በማያስገባ ወንፊት ይሸፈን። ከሲሚንቶው በፊት በጭቃና በአሸዋ ጆንያ ጊዜያዊ ግድብ ሠርታችሁ፣ ቱቦ አስገብታችሁ ጥቂት ቀን በጄሪካን ለኩ። ካልቀነሰ ወደ ግንባታው ግቡ።

ዓይኑን በዲጅኖ አትጎርጉሩ፣ ሲሚንቶም አታስነኩት። የታጠበ ድንጋይ ብቻ ይደርደርበት፦ ትልልቁ ከዓይኑ ጋር፣ ከላይ ጠጠር፣ ከዚያ ወፍራም ላስቲክ፣ ከዚያ 50 ሳንቲም የተጠቀጠቀ ሸክላ አፈር። በኅዳርና ታኅሣሥ የምትገነቡ ከሆነ ውርጩ ሲሚንቶውን ያፈራርሰዋል፤ ሌሊት ጭድ አልብሱት፣ ቀን ቀን ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡት።

«ምንጩ ዙሪያ ዛፍ ትከሉ» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ሥር ውሃውን ተከትሎ ድርድሩ ውስጥ ይገባል፤ ባህር ዛፍማ ጭራሽ አይታሰብ። አጥሩ ውስጥ ሰርዶ ይበቃል፤ ወይራውና ጽዱ ከላይ ተዳፋቱ ላይ፣ ከእርከኑ ጋር ይተከል። ሽንት ቤት 30 ሜትር ይራቅ ይባላል፤ በተሰነጠቀ ድንጋይ ላይ ግን 30 ሜትር ምንም አይደለም። ከምንጩ በላይ ጨርሶ ባይቆፈር ይመረጣል።

ገንዳው ሲያልቅ ለ1,000 ሊትር 70 ግራም ባለ 70 በመቶ የክሎሪን ዱቄት በጥብጣችሁ ጨምሩ፤ ሲያድር ከከብት ርቆ ይደፋ። ይህ ግንባታው ያመጣውን ቆሻሻ ብቻ ነው የሚያጠራው። ሐምሌ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቦኖው ከደፈረሰ ላይኛው ጎርፍ እየገባ ነው፤ ያኔ ክሎሪን ከመጨመር ይልቅ ከምንጩ 10 ሜትር በላይ ያለውን የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ጥረጉ፤ ካልጠራ በተዳፋቱ በኩል ሸክላውን ገልጣችሁ እንደገና ጠቅጥቁት።